ውሻ ያዙልኝ!

እናቴ ባደገችበት መንዝ የመሸበት መንገደኛ በር አያንኳኳም። ከአጥሩ ውጭ ይቆምና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ውሻ ያዙልኝ!» ብሎ ይጣራል። ከቤቱ አንዱ ወጥቶ ውሻውን ይይዛል። ወሬ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ።» «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ።» መንገደኛው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ፣ አፉ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ውሻው ደግሞ እዚያው ደጅ ያድራል። የደጁ አጋፋሪ እሱ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ይህን ከእናቴ እንደ ተረት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አፓርታማዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከሆቴል ሆቴል እየደወልኩ «ውሻ ታስገባላችሁ?» ስል ሰነበትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አትላንታ ላይ ልታገባ ነው። እናቴ ለሰርጉ ያዘጋጀችው ቁሌት ሁለት ትልልቅ የበረዶ ሳጥን ሞልቷል፤ ድፎ ዳቦውም አለ። ይህን ሁሉ ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት ስለማይታሰብ በመኪና እንሂድ ተባለ። ውሻዬን ቡቺን ደግሞ ለሳምንት የምተውለት ሰው የለኝም። ስለዚህ እናቴ፣ እኔ፣ ቁሌቱና ቡቺ፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። መሀል ላይ አንድ ሌሊት ማደር ግድ ነው።

እናቴ ሰምታ «ለውሻ ሆቴል ሊያዝለት ነው?» አለች።

«እማዬ፣ ጃንሆይስ ከሉሉ ይለዩ ነበር እንዴ?»

«ጃንሆይ ግቢ ነበራቸው። አንቺ ያለሽው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።»

በዚህ ዘጋችው። እኔ ግን ማደሪያ ፍለጋ ስጀምር ለአንድ ሌሊት አልጋ ያሰብኩት ጥያቄ ወደ ሌላ ታሪክ ይዞኝ ሄደ። የሆቴል በር ለማን፣ መቼ፣ በማን ግፊት ተከፈተ? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

31 ኪሎ

ድረ ገጽ ላይ «ፔት ፍሬንድሊ» የሚል ምልክት ማየትና ውሻ ይዞ በር ላይ መቆም የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በመጀመሪያው ምሽት ነው የገባኝ። አንደኛው ሆቴል ውሻ ይቀበላል፣ ግን ከ11 ኪሎ በታች ከሆነ ብቻ። ቡቺ 31 ኪሎ ነው። ሁለተኛው ክብደት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው 75 ዶላር ነው። «ለአንድ ሌሊት ነው ወይስ ለቆይታው በሙሉ?» ስላት ልጅቷ ራሷ አላወቀችም። ጠይቃ ተመለሰች፤ ለአንድ ሌሊት ሆነ። ሦስተኛው ምንም አያስከፍልም፣ ግን ውሻው ክፍል ውስጥ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ብቻውን መቅረት አይችልም። አራተኛው ውሻ ላለው ሰው የሚሰጠው ሲጋራ የሚጨስባቸውን ክፍሎች ብቻ ነው።

ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ምልክቱን አትመኑ፤ ደውሉ። ክፍያው በሌሊት ነው ወይስ በአንድ ጊዜ፣ ተመላሽ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብላችሁ ጠይቁ። የክብደት ገደብ፣ የዝርያ ክልከላ፣ የውሻ ብዛት አለ ወይ በሉ። እራት ልትወጡ ስትሉ ውሻው ክፍል ውስጥ መቆየት ይችል እንደሆነ አጣሩ። ከተቻለ ምድር ቤት ይሁንላችሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውሻ ጋር ሊፍት መጠበቅን የሞከረው ያውቀዋል። ከዚያ ያናገራችሁን ሰው ስም ይዛችሁ የተነገራችሁን በኢሜይል አስልኩ። የቃል ነገር በር ላይ ሲደርስ ይረሳል።

አንድ ወረቀት ደግሞ አትርሱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ። ደራሲው ጆን ስታይንቤክ በ1960 መጸው ቻርሊ ከተባለው ፑድል ውሻው ጋር አሜሪካን ለመዞር ተነስቶ ነበር። ናያግራ ላይ በካናዳ በኩል አቋርጦ ሊያልፍ ሲል እክል የገጠመው በዚሁ ወረቀት ነው። ያለ ክትባት ማስረጃ ውሻው ተመልሶ አሜሪካ አይገባም ተባለና መንገዱን ቀየረ። ስታይንቤክ እንኳ ቺካጎ ትልቅ ሆቴል ሲያርፍ ቻርሊን ያስቀመጠው ሌላ ቦታ፣ የውሻ ማቆያ ነው። ሌላውን ጊዜ ግን ችግሩን በሌላ መንገድ ፈቶት ነበር፦ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት የጭነት መኪና። ሆቴል አልፈለገም፤ ቤቱን ተሸክሞ ሄደ።

እኔ ያለኝ የ2014 ቶዮታ ነው።

ሰደሪያው

አንድ ጓደኛዬ ጭንቀቴን ሰምታ ሳቀችብኝ። «ምን ታደክሚያለሽ? ኢንተርኔት ላይ በ30 ዶላር ‹ሰርቪስ ዶግ› የሚል ቀይ ሰደሪያ ይሸጣል። አልብሺው። ማንም አይጠይቅሽም፣ ማንም አያስከፍልሽም።»

እውነቷን ነው። በ1990 በወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ለአካል ጉዳተኛ ሰው ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ወደ ሆቴል መግባት መብቱ ነው። ሆቴሉ የቤት እንስሳ ክፍያ ሊያስከፍል አይችልም። ሠራተኛው መጠየቅ የሚችለውም ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን እንዲሠራ ነው የሠለጠነው? የምስክር ወረቀት አምጡ ማለት አይፈቀድለትም። ሕጉ በእምነት ላይ የቆመ ነው። ሰደሪያ የሚሸጠውም እምነቱን ነው።

ሰደሪያውን ጋሪ ውስጥ ከተትኩት። አልዋሽም። 75 ዶላር 75 ዶላር ነው። ከመክፈሌ በፊት ግን ‹ይህ ሕግ መጀመሪያ ለማን ነው የወጣው?› ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ የናሽቪል ወጣትና ውሻው እዚያ ጠበቁኝ።

ቡዲ

ሞሪስ ፍራንክ የቴነሲ ልጅ ነው። አንድ ዓይኑን በስድስት ዓመቱ፣ ሁለተኛውን በአሥራ ስድስት ዓመቱ አጣ። በ1927 መጨረሻ ላይ አባቱ አንድ መጽሔት ያነቡለታል። ዶሮቲ ሃሪሰን ዩስቲስ የምትባል ስዊዘርላንድ የምትኖር አሜሪካዊት የጻፈችው ነው። ጀርመን አገር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መንገድ የሚመሩ ውሾች እንደሚሠለጥኑ ትተርካለች። ፍራንክ ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ደብዳቤ ጻፈላት፤ ለእኔም አንድ ውሻ አሠልጥኚልኝ፣ እኔ ደግሞ አሜሪካ ተመልሼ ለሌሎች ዓይነ ስውራን በሩን እከፍታለሁ አላት።

በ1928 ስዊዘርላንድ ሄዶ ቡዲ ከተባለች የጀርመን እረኛ ውሻ ጋር ሠለጠነ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ሲደርስ ጋዜጠኞች እያዩት መኪና የሚተራመስበትን ዌስት ስትሪት ቡዲ እየመራችው ተሻገረ። በቀጣዩ ዓመት በጥር ‹ዘ ሲይንግ አይ› የተባለው የመሪ ውሾች ማሠልጠኛ ናሽቪል ላይ ተመሠረተ።

መንገድ መሻገሩ ቀላሉ ነበር ማለት ይቻላል። ከባዱ በር ነው። ሆቴል ሲደርስ ‹አንተ ግባ፣ ውሻዋ ውጭ›። ባቡር ሲሳፈር ‹አንተ እዚህ፣ ውሻዋ ከሻንጣ ጋር›። ሬስቶራንትም እንደዚያው። ለማያይ ሰው ይህ ማለት ‹አንተ ግባ፣ ዓይንህን ግን ውጭ ተወው› እንደማለት ነው። ፍራንክ ዓመታት ሙሉ ከከተማ ከተማ እየተጓዘ፣ ሥራ አስኪያጅ እያስጠራ፣ እየተከራከረ፣ ቡዲን እግሩ ሥር አስተኝቶ ‹ይኸው እዩዋት› እያለ ሠርቶታል። በ1930ዎቹ አጋማሽ የባቡር ድርጅቶቹ መሪ ውሾችን ከባለቤታቸው ጋር ማሳፈር ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ ስቴቶቹ አንድ በአንድ ሕግ አወጡ። ቡዲ በ1938 ሞተች።

ሁለቱን ጥያቄዎች ብቻ የሚፈቅደው የ1990ው ሕግ የዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው። ጥያቄው ሁለት ብቻ የሆነው ሰው በየበሩ ላይ አካል ጉዳተኛ መሆኑን በወረቀት እያስመሰከረ እንዳይዋረድ ነው። በ30 ዶላር ሰደሪያ የሚገባ ሁሉ ያንን እምነት ትንሽ ትንሽ ይቆነጥራል። የሐሰተኛው ውሻ ሎቢ ውስጥ ሲጮህ፣ ምንጣፍ ሲያበላሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በጥርጣሬ ዓይን የሚታየው የእውነተኛው ባለቤት ነው። በብዙ ስቴቶች ደግሞ ውሻን በሐሰት ‹ሰርቪስ ዶግ ነው› ማለት በሕግ ያስቀጣል።

ሰደሪያውን ከጋሪው አወጣሁት። ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም።

ሁለቱ መጽሐፎች

ከውሻ ጋር በመኪና መጓዝ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ከሞቴል ጋር አብሮ ነው። የመጀመሪያው ሞቴል የሚባለው በ1925 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ላይ ተከፈተ። ስሙ ራሱ ‹ሞተር› እና ‹ሆቴል› ተጋጭተው የወጣ ነው። መኪናህን በርህ ላይ ታቆማለህ፤ በሎቢ፣ በምንጣፍ፣ በአሳንሰር ማለፍ የለም። ለውሻ ከዚህ የተመቸ ነገር አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪናውም፣ መንገዱም፣ የቤት ውሻውም ሲበዛ ገበያው ገባው። ጌይንስ የተባለው የውሻ ምግብ ስም ‹ቱሪንግ ዊዝ ታውዘር› የሚል የኪስ መጽሐፍ ያሳትም ጀመር። በየስቴቱ፣ በየከተማው፣ ውሻ የሚያስገቡ ሆቴሎችና ሞቴሎች ዝርዝር ነው። እኔ ስልክ ይዤ ስፈልገው የሰነበትኩት ነገር ያኔ በመጽሐፍ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ የኪስ መጽሐፍ ነበረ። የሃርለሙ ፖስተኛ ቪክቶር ሁጎ ግሪን በ1936 የጀመረው፣ ‹ግሪን ቡክ› የሚባለው። እሱም የማደሪያ ዝርዝር ነው፦ ጥቁር መንገደኛ ሳይባረር የሚያድርባቸው ሆቴሎች፣ የሚበላባቸው ምግብ ቤቶች፣ ቤንዚን የሚቀዳባቸው ማደያዎች። ሆቴል በሌለበት ከተማ ክፍል የሚያከራዩ ግለሰቦች አድራሻ አለው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ታትሟል። ተመሳሳይ ሌሎች መጽሐፎችም ነበሩ።

እነዚህን ሁለት ዓይነት መጽሐፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አለ። መጋቢት 30 ቀን 1964፣ የአሜሪካ ሴኔት። የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕጉ ክርክር ሊጀመር የሚኒሶታው ሴናተር ሂዩበርት ሃምፍሪ ተነስተው ረጅም ንግግር ያደርጋሉ። ከንግግሩ መሀል ሁለት የመንገደኛ መጽሐፎችን ያነሳሉ። አንዱ ከውሻ ጋር ለሚጓዝ ሰው፣ ሌላው ለጥቁር መንገደኛ። ከዚያ ቁጥር ቆጠሩ። ኦገስታ፣ ጆርጂያ፦ ውሻ የሚያድርባቸው ሆቴሎችና ሞቴሎች 5፣ ጥቁር ሰው ተማምኖ የሚያድርበት 1። ኮሎምቢያ፣ ሳውዝ ካሮላይና፦ ለውሻ 6፣ ለጥቁር ሰው 0። ቻርልስተን፦ ለውሻ 10፣ ለጥቁር ሰው 0። ውሻውም የሚገባው ከነጭ ሰው ጋር ከሆነ ነው ማለታቸውን አልረሱም።

ይህን ሳነብ የኔ የሆቴል ዝርዝር ኮምፒውተሬ ላይ ተከፍቶ ነበር። በጣም ስለከበደኝ ዘጋሁት።

ያንን ዘመን ያየው ስታይንቤክም አንድ ነገር ጽፏል። ቻርሊ ግዙፍ ጥቁር ግራጫ ውሻ ነው፤ የሚቀመጠውም ከሹፌሩ ጎን ነው። ደቡብ ሲደርሱ አንድ ሰው በመስኮት አየውና ጥቁር ሰው አሳፍረህ መስሎኝ ነበር ብሎ ሳቀ። ውሻ መሆኑን ሲያይ ቅልል አለው። ቀልዱ ተደጋገመበት። ሃምፍሪ በቁጥር ያሉትን ያ ሰው በሳቅ ተናግሮታል።

ውሻው ራሱ ጥፋት የለበትም። በግንቦት 1963 በርሚንግሃም፣ አላባማ ፖሊስ ውሾችን በሰልፈኞች ላይ፣ በልጆች ላይ ጭምር ሲለቅ ዓለም በፎቶ አየ። በአንድ ሀገር፣ በአንድ ዓመት፣ አንዱ ውሻ ሞቴል አልጋ ሥር ተኝቷል፣ ሌላው ልጅ ይነክሳል። ማን ገመዱን ይይዛል ነው ጥያቄው። «ውሻ ያዙልኝ» የሚለው የመንዝ ጥሪ ያኔ ነው በሌላ ጆሮ የተሰማኝ።

የጎባን ልዑካን

የእኛም ሰዎች ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው የድሮ መንገድ፣ ሩት 40፣ እኔ ከምኖርበት ሜሪላንድ ነው የሚያልፈው። በ1960ና 1961 የአፍሪካ ሀገሮች ነፃ እየወጡ አምባሳደር መላክ ሲጀምሩ፣ አምባሳደሮቹ በተባበሩት መንግሥታትና በዋሽንግተን መካከል በዚህ መንገድ ይመላለሱ ነበር። በ1961 የቻድ አምባሳደር አደም ማሊክ ሶው የሹመት ደብዳቤያቸውን ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሊያቀርቡ ሲጓዙ መንገድ ላይ ቡና ለመጠጣት ቆሙ። ጥቁር ስለሆኑ አናስተናግድም ተባሉ። ነገሩ እስከ ዋይት ሀውስ ደረሰ፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች የመንገዱን ምግብ ቤቶች እየዞሩ መለመን ጀመሩ። ልመናው ምን ነበር? ቢያንስ ዲፕሎማቶችን አስተናግዱ።

ይህን የሰሙ የባልቲሞር ‹አፍሮ አሜሪካን› ጋዜጣ ሰዎች በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ነገር አሰቡ። ሦስት ጥቁር ጋዜጠኞች የክብር ልብስና ሊሞዚን ተከራዩ። ‹ጎባን› ከተባለች ሀገር የመጣን ልዑካን ነን አሉ። ጎባን የምትባል ሀገር ካርታ ላይ የለችም። አንዳንዱ ቦታ ሰበብ ፈጥሮ መለሳቸው፤ ሌላው ቦታ ግን ተጎንብሶ አስተናገዳቸው፣ አንዳንዶቹ ፊርማ ጠየቋቸው። በካኪ ሱሪና በሸሚዝ፣ እንደ ባልቲሞር ልጅነታቸው ቢመጡ በሩ ይዘጋ ነበር።

ይህም የልብስ ማታለል ነው፤ ልክ እንደ ቀዩ ሰደሪያ። ልዩነቱን ለማሰብ ጊዜ ወስዶብኛል። እነሱ የለበሱት በሩ ላይ ያለው ሕግ ምን ያህል የማይረባ እንደሆነ በአደባባይ ለማሳየት ነው፤ በኋላም በጋዜጣ አወጡት። ሰደሪያው ግን አንድን የሚረባ ሕግ በስውር መብላት ነው። አንደኛው ለሁሉም ሰው በር ከፈተ፤ ሜሪላንድ በ1963 የሕዝብ መስተንግዶ ሕግ አወጣች። ሁለተኛው ለራሱ ገብቶ ለሌላው ያጠባል።

ኮሎምቢያ

ወደ አትላንታ አጭሩ መንገድ በሻርለት በኩል ነው። እኔ ግን ኮሎምቢያን መረጥኩ። ትንሽ ይረዝማል። ለእናቴ «መንገዱ ጥሩ ነው» ብቻ አልኳት። የሃምፍሪን ቁጥር ነው የተከተልኩት፤ 6 ለ 0 የነበረችውን ከተማ ማየት ፈልጌ። ሆቴሉን ያገኘሁት በዘጠነኛው ስልክ ነው። የአንድ ጊዜ ክፍያ 40 ዶላር፣ የክብደት ገደብ የለም፣ ምድር ቤት። «ውሻዬ 31 ኪሎ ነው፣ ሠርቪስ ዶግ አይደለም፣ ዝም ብሎ ውሻ ነው» ስላት ልጅቷ ሳቀች።

ከማለዳው 12 ሰዓት ተነስተን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ቡቺ መንገዱን ሙሉ አፍንጫው ከበረዶ ሳጥኑ አልተላቀቀም። እናቴም ከእሱ ዓይኗን አልነቀለችም።

እንግዳ መቀበያው ላይ የነበሩት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናቸው። ቡቺን ሲያዩ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጡ። ከመስታወት ዕቃ ብስኩት አወጡና ጎንበስ ብለው ሰጡት። ስሙን ጠየቁ። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን «መታወቂያ ይኖርዎታል?» አሏት።

እናቴ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ለእሱ ብስኩት፣ ለእኔ መታወቂያ» አለች።

ሳቅ አመለጠኝ። ሴትየዋ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። መተርጎም ነበረብኝ፤ ተረጎምኩት። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ሳቃቸው ቶሎ ቆመ። «አባቴ ይህችን ከተማ ሳይቆም ነበር የሚያልፋት» አሉ። ልጅ ሆነው በየክረምቱ ከፊላደልፊያ ወደ አያታቸው ሲወርዱ አባታቸው ሌሊቱን ሙሉ ይነዱ ነበር። ምግቡ በጫማ ካርቶን፣ ቡናው በቴርሞስ። ልጆቹ ሽንት ሲመጣባቸው ጫካ ዳር። «አባባ ለምን አናርፍም?» ሲሏቸው «አልደከመኝም» ነበር መልሳቸው። እንደዚያ የሚሉት ስላልደከማቸው እንዳልሆነ የገባቸው ካደጉ በኋላ ነው።

እናቴ እንግሊዝኛውን ሁሉ ባትከታተልም ይህቺን ያዘቻት። መኪና ማቆሚያው ሄደች። ስትመለስ ለሰርጉ የተያዘውን ድፎ ዳቦ ግማሹን በፎይል ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። ሰርጉ ላይ ግማሽ ዳቦ ምን ተብሎ እንደሚቀርብ አልጠየቅኳትም።

ማታ ክፍላችን ውስጥ የሃምፍሪን ቁጥሮች ነገርኳት። 5 ለ 1፣ 6 ለ 0፣ 10 ለ 0። ዝም ብላ ሰማችኝ። ብዙ ቆይታ «እንግዳ ከውሻ በታች?» አለች። ከዚያ የእናቷን ቤት አነሳች። አንድ ማታ ዝናብ ላይ የመጣ የማይታወቅ ሰው ነበር አሉ። ሰውየው ማን ነው ሳይባል ገባ፤ ውሻው ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ደጅ ዝናብ መታው። «እሱም ልክ አልነበረም» አለች ቡቺን እያየች። ይህን ከእናቴ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ቡቺ ግን አልጋ ላይ እንዲወጣ አልፈቀደችም። ፎጣ አነጠፈችለት።

ኮርትላንድ ጎዳና 255

በማግስቱ በኦገስታ አድርገን አትላንታ ገባን። ከሰርጉ በፊት አንድ ቦታ ማየት ፈልጌ ነበር። መሀል ከተማ፣ ኮርትላንድ ጎዳና 255። ዛሬ ሂልተን ሆቴል ቆሞበታል። በ1964 እዚያ የነበረው 216 ክፍል ያለው ‹ሃርት ኦቭ አትላንታ› ሞቴል ነው።

ሐምሌ 2 ቀን 1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሲቪል መብቶች ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ሆቴልና ሞቴል እንግዳን በዘር እንዳይመልስ ያዛል። የሞቴሉ ባለቤት ሞርተን ሮለስተን ጠበቃም ስለነበር በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ክስ አቀረበ። ካነሳቸው መከራከሪያዎች አንዱ ባርነትን የሻረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ጥቁር እንግዳ እንድቀበል መገደድ ለእኔ ባርነት ነው ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ።

ታኅሣሥ 14 ቀን 1964 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። የፍርዱ መሠረት ግን እንግዳ ክቡር ነው የሚል አልነበረም። ንግድ ነው። የሞቴሉ እንግዶች ከመቶ 75ቱ ያህል ከሌላ ስቴት የሚመጡ ናቸው፤ መንገደኛን መመለስ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ ያውካል፤ ኮንግረስ ደግሞ በዚያ ላይ ሥልጣን አለው። ደረቅ ምክንያት ነው። በሩን የከፈተው ግን እሱ ነው።

እዚያ ቆሜ ይህን አሰብኩ። መንዝ ላይ «ቤት የእግዜር ነው» ይባልና በሩ ይከፈታል። እዚህ በሩን ለመክፈት የአንድ ፖስተኛ ዝርዝር፣ የአንድ ዓይነ ስውር ወጣት ግትርነት፣ የሦስት ጋዜጠኞች የኪራይ ካባ፣ የሴናተር ቁጥር፣ የዘጠኝ ዳኞች ፊርማ አስፈለገ። የትኛው ይበልጣል ለማለት አይደለም። የመንዙም በር ማንን ይመልስ እንደነበር የሚነግረኝ መጽሐፍ የለኝም። ግን ዛሬ ‹ፔት ፍሬንድሊ› የሚል ምልክት ሳይ፣ ውሻውን ይዤ የምገባበትን በር የከፈቱት ተመልሰው የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን አልረሳም። ስለዚህ ስገባ እንደ ራሴ ነው መግባት ያለብኝ። ክፍያ ካለ ከፍዬ፣ አይሆንም ከተባልኩ ሌላ ስልክ ደውዬ።

ሰርጉ አማረ። ቁሌቱ ተመሰገነ። የጎደለውን ዳቦ ማንም አላነሳም።

ስንመለስም እዚያው ኮሎምቢያ አደርን። ስንደርስ መሽቶ፣ እየዘነበም ነበር። እኔ ሻንጣዎቹን አውርጄ ስጎትት ዘግይቼ ቀረሁ። ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ የቡቺ ገመድ ሁለት ዙር እጇ ላይ ተጠምጥሟል።

«ውሻውን ይዤልሻለሁ» አለችኝ። «ግቢ።»